ለሰማይ ዝላይ ሥልጠናው ከየት ይጀመር?

ሰው ሙያ ሲመርጥ በእውነቱ የሚመርጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሥራው ራሱ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ሥራው የሚያደርሰው መንገድ ነው። ስለ መጀመሪያው በየቤቱ ይወራል፤ «ልጄ ሐኪም ይሁንልኝ፣ መሐንዲስ ይሁንልኝ» የማይል ወላጅ የለም። ስለ ሁለተኛው ግን ብዙ አይወራም፤ ለሐኪሙም ለመሐንዲሱም መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ ይጠብቀዋልና። ትምህርት ቤቱ አለ፤ ፈተናው አለ፤ ደመወዙም ይታወቃል። መንገዱ ያልተጠረገለትን ሙያ የሚመኝ ወጣት ግን ተጓዥ ከመሆኑ በፊት መንገድ ጠራጊ መሆን ግድ ይለዋል። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ እንዲህ ዓይነቱ ወጣት ለመጻፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የምንማር የአርሲ ነገሌ ልጆች ለዕረፍት ወደ አገራችን በተመለስን ቁጥር ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋራ ተቀምጠን ስለ ትምህርት ምርጫ መነጋገር ልማዳችን ነው። በዚህ ዓመት ከቀረቡልን ጥያቄዎች አንዱ «ከአውሮፕላን በፓራሹት እየዘለሉ በዚሁ ሙያ ለመኖር ምን መማር ያስፈልጋል?» የሚል ነበር። ጠያቂው ሲያሾፍ አልነበረም፤ ሐሳቡን በልቡ ያጸና ልጅ ነው። ጓደኛው ወታደር ቤት ገብቶ አየር ወለድ እንዲሆን ይመክረዋል። አጎቱ ደግሞ ሁለት በሬ ሸጠው ወደ ዱባይ ሊልኩት ፈቃደኛ ናቸው። አባቱ የሁለቱንም ምክር አይቀበሉም፤ «ፈጣሪ ክንፍ ያልሰጠው ሰው ከሰማይ ምን አለው?» ይላሉ።

እንግዲህ የአንድ ልጅ የወጣትነት ዕድሜና የአንድ ቤተ ሰብ ጥማድ በሬ፣ ምናልባትም የአንድ ሰው ሕይወት፣ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በሣቅ መሸኘት ለተማረ ሰው የሚገባ አይመስለንም። የእኛን መልስ ለመስጠት አስቀድመን ሦስቱን ምክሮች በየተራ እንመርምራቸው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ምኞቱ ከፈረንጅ ፊልም ትናንት የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ሁበርት ጁልያን የሚባል በትሪኒዳድ የተወለደ ጥቁር ሰው ከአሜሪካ መጣ። ይህ ሰው በኒው ዮርክ በሐርለም ሰማይ ላይ በፓራሹት እየዘለለ ስም ያወጣ ነበር። በአዲስ አበባም በንጉሥ ተፈሪ ፊት ከአውሮፕላን ዘለለና በደኅና መሬት ደረሰ። ንጉሡ እጅግ ተደስተው የኢትዮጵያ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕርግ ሰጡት። ያገራችን ሰው ዛሬ በነገሌ ያለው ልጅ የሚመኘውን ነገር በዐይኑ ካየ እንግዲህ ዘጠና ዓመት አልፏል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን የዘውዱ በዓል ሊከበር ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ጁልያን ንጉሡ የሚሳሱለትን ጂፕሲ ሞዝ የተባለ አዲስ አውሮፕላን አስነሥቶ በረረና ከስክሶት ወረደ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውዱ ሲደፋ ያ ያማረ አውሮፕላን አልነበረም፤ ኮሎኔሉም ተቀይመውበት አገር ለቆ ሄደ። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ አንድ ቀን የታየ ድፍረት ማዕርግ ያሰጣል፤ ማዕርጉን የሚያቆየው ግን ከድፍረቱ በስተጀርባ ያለው ዕውቀት ነው። ጁልያን ሲዘል ያጨበጨበለት ሕዝብ ዝላዩን እንጂ ሥልጠናውን አላየም። የዛሬዎቹም ወጣቶች በስልካቸው የሚያዩት ያንኑ ዝላዩን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምክሮቹ እንለፍ። አንደኛው የጓደኛው ምክር፣ ማለትም የወታደር ቤቱ መንገድ ነው።

ይህ ምክር ከባዶ የመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ ውስጥ ሰውን ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል ያስተማረ ተቋም ቢኖር የጦር ሠራዊቱ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአየር ወለድ ጦር ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ያገራችን ወጣቶች ዘለዋል። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ቀለብና ልብስም አለው። ደግሞስ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር አልነበረምን? ደራርቱ ቱሉስ ብትሆን ደመወዝ እየከፈለ ያሠለጠናት የማረሚያ ቤቶች ክለብ አይደለምን? ታዲያ የመንግሥት እንጀራ እየበሉ ሙያ መልመድ ምን ነውር አለበት? ይሉናል።

ነውር የለበትም። ነገር ግን ሁለቱ ዝላዮች በስም ይመሳሰሉ እንጂ በግብር አንድ አይደሉም። አየር ወለዱ በአብዛኛው የሚዘለው ዝቅ ካለ ከፍታ ነው። ፓራሹቱን የሚከፍትለት ከአውሮፕላኑ ጋራ የታሰረ ገመድ ነው፤ ትጥቁንና ስንቁን ተሸክሞ ባጭር ጊዜ መሬት ይደርሳል፤ ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው። ለወታደሩ ፓራሹት እንደ ካሚዮን ወደ ሥራው የሚያደርሰው መጓጓዣ ነው። ለሰማይ ዘላዩ ግን ሥራው ሰማይ ላይ ተጀምሮ መሬት ሲደርስ ያበቃል። ከ4,000 ሜትር ያህል ዘልሎ ለአንድ ደቂቃ ገደማ ፓራሹቱ ሳይከፈት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት እየወረደ ሰውነቱን መምራት፣ ጊዜውንና ከፍታውን መቁጠር፣ ከዚያም እንደ ክንፍ የሚነዳውን ፓራሹት ከፍቶ በመረጠው ቦታ ማረፍ አለበት። ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያታችን ደግሞ ሌላ ነው። ወታደርነት መሐላ ነው። የማለ ሰው የት እንደሚዘል፣ መቼ እንደሚዘል፣ በማንስ ላይ እንደሚዘል የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። በ1966 ዓ.ም. ለውጥ ጊዜ የአየር ወለዱ ጦር አዛዥ ኮሎኔል ዓለም ዘውድ ተሰማ ከነጦራቸው በፖለቲካው መካከል ገብተው እንደ ነበር ያን ዘመን የጻፉ ሁሉ ያወሳሉ። ያኔ በዚያ ጦር ውስጥ የነበረ፣ ሰማይን ብቻ ወድዶ የገባ ወጣት ቢኖር «እኔ ለመዝለል ነው የመጣሁት» ማለት ይችል ነበርን? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደውን ጦርነት ያየ የእኛ ትውልድ ይህን ጥያቄ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። አገሩን በወታደርነት ማገልገል የፈለገ ወጣት ይግባ፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ሌላ ነገር ፈልጎ በዚህ በር የሚገባ ሰው ራሱንም ጦሩንም ያታልላል። አበበ ቢቂላ መጀመሪያ ወታደር ሆኖ ነው ሯጭ የሆነው፤ ለመሮጥ ሲል ወታደር አልሆነም።

ሁለተኛው የአጎቱ ምክር ነው፤ ሁለት በሬ ሸጦ ውጭ አገር መሄድ።

ይህን ምክር በቁጥር እንመርምረው። ያለ ረዳት ብቻውን ለመዝለል የመጀመሪያውን ማለትም የ«ኤ» ፈቃድ ለማግኘት በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 25 ዝላይ ያስፈልጋል። ለ«ቢ» 50፣ ለ«ሲ» 200፣ ለ«ዲ» 500 ዝላይ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ፈቃድ ብቻ ጥቂት ሺህ ዶላር ይፈጃል። ይሁን፤ ተከፈለ እንበል። ባለ 25 ዝላዩን ሰው ማን ይቀጥረዋል? ማንም። በዚህ ሙያ ደመወዝ የሚያስገኘው ዋናው ሥራ እንግዳን በደረት ላይ አስሮ አብሮ መዝለል ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚታጭ አስተማሪ ግን 500 ዝላይ የዘለለና ሦስት ዓመት በስፖርቱ ውስጥ የቆየ መሆን አለበት። አንዱ ዝላይ 25 ዶላር ብቻ ነው ብለን ብናስብ እንኳ 500 ዝላይ 12,500 ዶላር ይሆናል፤ ይህም የፓራሹቱን ዋጋ፣ የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ሳይጨምር ነው። ሁለት በሬ ይቅርና የአንድ ቀበሌ በሬ ተሸጦ ይበቃ እንደሆነ እንጃ።

ዱባይ የሰማይ ዝላይ በሰፊው የሚካሄድባት ከተማ መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን በደላላ እጅ ወደዚያ የሄደ ያገራችን ልጅ የሚሠራው የተቀጠረበትን ሥራ እንጂ የተመኘውን ሥራ አይደለም። ፓራሹቶቹን ከሚጠብቀው ሕንፃ ደጃፍ ቆሞ እያያቸው ይከርማል፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ ለማየት ደግሞ ዱባይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የበሬዎቹን ጉዳይ በቀልድ የምናልፈው አይደለም። በነገሌ ዙሪያ ስንዴና በቆሎ የሚያርስ ቤተ ሰብ በሬውን ሸጠ ማለት የሚመጣውን ዓመት ሸጠ ማለት ነው።

ሦስተኛው የአባትየው ምክር ነው፤ «ተወው» የሚለው። አባቶቻችንን ስናከብር እንከራከራቸዋለን።

የአባቶቻችን ፍርሃት ከፍቅር የመነጨ ነው። ሆኖም ቁጥሩ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ 3 ሚሊዮን 650 ሺህ ያህል ዝላይ ተዘልሎ የሞቱት 10 ሰዎች ናቸው። በነገሌ መካከል አቋርጦ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደውን አውራ ጎዳና የሚያውቅ ሰው፣ ልጁን በሚኒባስ አሳፍሮ ሲልክ ይህን ያህል እንደማይጨነቅ እናውቃለን። ደግሞ ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙዎቹ ሰዎች እንደሚገምቱት ፓራሹቱ እንቢ ብሎ የሚደርሱ አይደሉም። በደኅና የተከፈተውን ፓራሹት ዘላዩ በማረፊያው ሰዓት ባጉል ጀብዱ ሲነዳው የሚደርሱ ናቸው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ይህ ቁጥር እንዲህ ያነሰው ሰማዩ ስለ ራራ አይደለም። እያንዳንዱ ዘላይ ሁለት ፓራሹት ይሸከማል፤ ሁለተኛው ለክፉ ቀን ነው። ያ የክፉ ቀን ፓራሹት ባይነካም እንኳ በአሜሪካ ደንብ በየ180 ቀኑ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተፈትቶ፣ ተመርምሮ፣ እንደገና መታጠፍ አለበት። ዘላዩ ራሱን ቢስትና መክፈት ባይችል በራሱ ጊዜ ከፍታውን ለክቶ የሚከፍት መሣሪያም አለ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር ካለፈ ተማሪ አይዘልም። ሰውን በሕይወት የሚያቆየው እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄውን የሚሠሩት ደግሞ መሬት ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው።

እነሆ፣ ወደ እኛ ሐሳብ ደረስን። የሰማይ ዝላይን ሙያው ለማድረግ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሥልጠናውን መጀመር ያለበት ከአውሮፕላኑ በር ሳይሆን ፓራሹቱ ከሚታጠፍበት ጠረጴዛ ነው። ይህን ስንል ተስፋ ልናስቆርጠው አይደለም። ወደ ሰማዩ የሚያደርሰው፣ ባያደርሰውም ባዶ እጁን የማያስቀረው መንገድ ይህ በመሆኑ ነው።

እስቲ ከሩጫ ጋራ እናነጻጽረው። እኛ አርሲዎች በሩጫ የታወቅን ነን፤ ቀነኒሳ በቀለና ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው። የሯጭ ልጅ ማለዳ ተነሥቶ መንገድ ካገኘ ብቻውን ይሮጣል። ዘላይ ግን ብቻውን መዝለል አይችልም። አብራሪ፣ የአውሮፕላን መካኒክ፣ ፓራሹት አጣፊ፣ የአየር ጠባይ የሚያውቅ ሰው፣ አጥንት ቢሰበር የሚጠግን ሐኪም ያስፈልገዋል። ሩጫ የአንድ ሰው ጀግንነት ሊሆን ይችላል፤ ዝላይ ግን የማኅበር ሥራ ነው። ስለዚህ በአገራችን ይህ ሙያ ያልኖረው ደፋር ወጣት ጠፍቶ አይደለም፤ ድፍረት መቼ ጠፍቶን ያውቃል? ያልኖረው በዘላዩ ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎች በአንድነት ስላልተሰባሰቡ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ከውጭው ዓለም እናምጣ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጆሴፍ ኪቲንገር የተባለ አሜሪካዊ መኮንን በባሉን ወጥቶ ከ31 ኪሎ ሜትር ከፍታ ዘለለ። ይህ ክብረ ወሰን ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ፊሊክስ ባውምጋርትነር የተባለ የኦስትሪያ ሰው ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘልሎ ሲሰብረው፣ ከመሬት ሆኖ በራዲዮ ደረጃ በደረጃ የመራው ማን ነበር? ያው ኪቲንገር ራሱ ነበር፤ ዕድሜው ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖ። የራሱን ክብር የሚያስረሳውን ሰው በድምፁ እየመራ አወረደው። ፊልሙን ያየ ወጣት ሁሉ የሚያስታውሰው ዘላዩን ነው፤ እኛ ግን ሙያ ምን እንደሆነ የተማርነው መሬት ላይ ከተቀመጠው ሽማግሌ ነው። ባውምጋርትነርም ያን ያህል ከፍታ አልፎ ከተረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 በጣሊያን አገር ሞተር ባለው ፓራግላይደር ሲበር ወድቆ ሞተ። ሰማይ የትናንትን ዝና ቆጥሮ ለማንም አያደላም።

እንግዲህ ከጠረጴዛው መጀመር ሲባል ምን ማለት ነው? በዝርዝር እናስቀምጠው።

አንደኛ፣ ስፌት። ፓራሹት ናይሎንና ገመድ ነው፤ የሚሠራውም የሚጠገነውም በስፌት መኪና ነው። በነገሌ በየበረንዳው በሲንጀር መኪና የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ሰማይን የሚመኘው ልጅ ከእነርሱ ዘንድ ሄዶ ቀጥ ያለ ስፌት መስፋት፣ ጨርቅን መመርመር፣ ክርን መለየት ይማር። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአሜሪካ የፓራሹት አጣፊነት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ዕድሜው 18 ዓመት ሞልቶ፣ በባለሙያ እየታየ ቢያንስ 20 ፓራሹት አጥፎ፣ በጽሑፍ፣ በቃልና በእጅ ሥራ መፈተን አለበት። በየዝላይ ሜዳው ደግሞ ዋናውን ፓራሹት እያጠፉ በቁጥር የሚከፈላቸው ወጣቶች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚያገኙትን ገንዘብ መልሰው ለዝላይ ያውሉታል። የደኻ ልጅ 500 ዝላይ የሚሞላበት መንገድ ቢኖር ይህ ነው። በሬ ሳይሸጥ፣ በእጁ ሙያ ይዞ የሚሄድ ሰው በደላላ ከሚሄደው ሰው የተለየ ክብር ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፣ ከአውሮፕላንና ከአየር ጋራ የሚያገናኝ መደበኛ ትምህርት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ተቋቁሞ በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ ጀምሮ አብራሪና መካኒክ ሲያሠለጥን የኖረ ድርጅት ነው፤ ማሠልጠኛውም ዛሬ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቅቷል። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የአየር ጠባይ ሳይንስ ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱን የተማረ ወጣት ዝላዩ ቢቀርበት እንኳ አገሩ የምትፈልገው ሰው ነው።

የአየር ጠባይን ጉዳይ ለይተን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ አገር ሰማይ ከሌላው አገር ሰማይ ጋራ አንድ አይደለምና። ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር አምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በዱባይ ባሕር ዳር ዝግ ብሎ የሚያወርደው ያው ፓራሹት በነገሌ ሜዳ ላይ በመቶ አሥር ያህል ፈጥኖ ያወርዳል። አሥር በመቶ ጥቂት ይመስላል፤ ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ግን ጥቂት አይደለም። ደግሞ ከነገሌ መሬት 4,000 ሜትር ከፍ ብሎ መዝለል ማለት ከባሕር ወለል 6,000 ሜትር መውጣት ማለት ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው ኦክስጅን በባሕር ዳር ከሚገኘው ከግማሽ ያነሰ ነው። በአሜሪካ ደንብ ከ4,570 ሜትር ገደማ በላይ በአውሮፕላን ለሚወጣ ሰው ሁሉ ኦክስጅን መቅረብ አለበት። ኦክስጅን ያልያዘ ዘላይ እንግዲህ ከነገሌ ሰማይ የሚያገኘው 2,500 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የነፃ ውድቀቱም ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ወደ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወርዳል። ወደ ላንጋኖ ዳር ቢወረድ መሬቱ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥቂት ይሻላል። ነገር ግን እዚያ ሐይቁ አለ፤ በሐይቅ አጠገብ የሚዘል ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ከነፓራሹቱ እንዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ መማር፣ ተንሳፋፊ ጃኬትም መልበስ አለበት። የአብያታና የሻላ ሜዳ ደግሞ የብሔራዊ ፓርክ ክልል ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ላይ በሙቅ አየር እየተንሳፈፉ የሚወጡትን ጆፌ አሞራዎችና አባ ኮዳዎች አውሮፕላን ቢገጫቸው ጥፋቱ ለሁለቱም ወገን ነው።

ይህን ሁሉ በዱባይም በአሜሪካም የሚያስተምረን የለም፤ የእነርሱ ጉዳይ አይደለምና። የነገሌን ሰማይ ማጥናት ያለበት የነገሌ ልጅ ነው። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆንም ጂኦግራፊ የሚማሩ ጓደኞቻችን ማለዳና ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰውን ነፋስ በየወሩ ቢመዘግቡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ዝላዩ ራሱ። ይህ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። ሙያ ይዞ፣ የራሱን ገንዘብ አጠራቅሞ፣ በታወቀ የዝላይ ትምህርት ቤት ከአንዱ እስከ ሃያ አምስተኛው ዝላይ በሥርዓት ይማር። ሲመለስም ብቻውን አይዝለል፤ በአገራችን ስለ በረራ የሚደነግገው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነውና ፈቃዱን ከዚያ ይጠይቅ።

በዚህ ሐሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዳንዱ «ስንዴ ለሚለምን አገር ይህ ቅንጦት ነው» ይላል። እኛ ግን የመከርነው ቅንጦት የትኛው ነው? ስፌት ነው? የአውሮፕላን ጥገና ነው? ወይስ ዝናቡንና ነፋሱን መተንበይ? ምኞቱ ቅንጦት ቢመስልም ወደ ምኞቱ የሚወስደው መንገድ ሁሉ ጠቃሚ ሙያ ነው። ልጁ በመንገዱ መካከል ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ የተማረው ይቀርለታል። ከልጆቻችን ምኞት ይልቅ የሚያስፈራን ምኞት አጥተው ጫት ቤትና አረቄ ቤት መዋላቸው ነው፤ የነገሌ አረቄ ዝናው ከከተማዋ አልፎ መሄዱን ሁሉም ያውቀዋል።

ሌላው ተቃውሞ «ለሴት ልጅስ?» የሚል ነው፤ ይህንም የሰማነው ከተማሩ ሰዎች አፍ ነው። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ የአውሮፕላን በረራ መማር ጀምረው ነበር፤ ያቋረጣቸው ጦርነቱ እንጂ ሴትነታቸው አልነበረም። በነገሌ ከማንም ይበልጥ ትዕግሥትና የእጅ ጥንቃቄ ያላቸው ሴቶቻችን ናቸው፤ ፓራሹት ማጠፍም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በሩ ሲከፈት ለወንድ ብቻ እንዳይከፈት ካሁኑ እናሳስባለን።

በመጨረሻ ለሦስት ወገኖች ሦስት ቃል አለን። ለወላጆች፦ ልጃችሁ ያልተለመደ ነገር ሲመኝ ከመሣቃችሁም በሬ ከመሸጣችሁም በፊት «መጀመሪያ ምን ትማርለታለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለጥያቄው መልስ ካለው ምኞቱ እውነተኛ ነው። ለተማሪዎች ማኅበራችን፦ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ የሚደረገው ገለጻ ከሕግ፣ ከሕክምናና ከምሕንድስና አልፎ እንዲህ ያሉ ያልተጠረጉ መንገዶችንም እንዲጨምር እንጠይቃለን። ሰማዩን ለሚመኙት ወጣቶች ደግሞ፦ ለመጀመር የማንንም ፈቃድና የማንንም ዶላር አትጠብቁ። የነፋሱን መዝገብ ነገ ማለዳ መጀመር ትችላላችሁ፤ የስፌቱንም መኪና እንዲሁ።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው አንባቢ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ በተለይ በአየር ወለድነት አገልግሎ የዘለለ ሰው ቢኖር ካወቅነው በላይ ሊያስተምረን ይችላልና ቃሉን በአክብሮት እንጠብቃለን።